«ለጥናት ነው» እያለ ይቅማል

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዷን የላከችልን የ24 ዓመት ወጣት ናት። «ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ለጥናት ነው እያለ ከጓደኞቹ ጋር መቃም ከጀመረ ቆይቷል። አባባ ያውቃል፤ ‹ጫት ምን አለው፣ እኔም ቅሜ ነው የተማርኩት› ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልጁ ሰክሮ መጣ። አባባ በቀበቶ ገረፈው፤ እማማ እስካሁን ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?»

እህታችን፣ አባትሽ ቅዳሜ ማታ የተቆጡበት ነገር የተጀመረው ቅዳሜ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ያነቃል፤ እንቅልፍንም የምግብ ፍላጎትንም ያባርራል። ምርቃናው ሲበርድ ሰውነት ደክሞ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ያኔ ነው ጓደኛ ተብዬው «ጨብሲ ነው መድኃኒቱ» የሚለው። ቢራ ካለ ቢራ፣ ኪስ ካነሰ አረቄ። የከተማ ልጅ ይህን መንገድ አሳምሮ ያውቀዋል። ብዙ ወላጅ ግን ጫቱን ከመጠጡ ለይቶ ነው የሚያየው። ጥናቱማ… ሌሊቱን ፈጦ ያደረ ልጅ ፈተና ላይ ምን እንደሚያስታውስ የሞከረው ያውቀዋል።

ስለ ቀበቶው እንምጣ። የሰከረ ልጅ በዚያች ሌሊት ምክርም ዱላም አይገባውም። በጎኑ አስተኝቶ፣ ትውከት እንዳያንቀው አጠገቡ ሆኖ መጠበቅ ነው። ጠርተውት ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ግን ነገ ሳይባል ሐኪም ቤት! ወሬው በማግስቱ ይደርሳል፤ ያውም ያለ ጩኸት። ከማን ጋር ነበርክ? ገንዘቡስ ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ የምሳና የታክሲ ገንዘብ ሆኖ ይገኛል።

ደግሞ አንድ የሚያናድደን ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ሲጋራም እንዳይሸጥ ከልክሏል። እኛ ቤት ግን «ሂድ አንድ ፓኬት ሲጋራ፣ ስትመለስ ሁለት ቢራ» ተብሎ የሚላከው ያው ልጅ ነው። ባለሱቁም «አባቱ ልከውት ነው» ብሎ ይሰጠዋል። ነገ ለራሱ ሲገዛ በምን ይለየው?

ስለዚህ አባትሽን ቁጣቸው ሲበርድ ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብለሽ ከጀመርሽ ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል። ልጁን ወደ ሱቅ መላክ ይቅር በያቸው። እሳቸው እርግፍ አድርገው ይተዉ አንልም (ቢተዉ ባልከፋ)፣ ግን ሳሎን ተቀምጠው እየቃሙ «አትቃም» ቢሉት ይስቅባቸዋል። ጥናቱም እናንተ ቤት ይሁን። ጓደኞቹ ይምጡ፤ እማማም ከማልቀስ ሻይና ዳቦ ያቅርቡላቸው። ማን እንደሆኑ የምታውቁት ያኔ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተወ፣ ከቤት ዕቃ መጥፋት ከጀመረ ወይም ብቻውን ማውራት ካመጣ፣ «የሰፈር ሰው ምን ይለናል» ሳትሉ የአእምሮ ሐኪም ጋ ውሰዱት። አባትሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልን።