ከደረጃ ጋር ያልታሰረ ስጦታ

ሰኔ ሊያልቅ ሲል በብዙ ቤቶች ተመሳሳይ ውል ይታሰራል። «አንደኛ ከወጣህ ብስክሌት እገዛልሃለሁ።» «ከአንድ እስከ ሦስት ከገባሽ ስልክ አለሽ።» ካርዱ ሲመጣ ወላጅ ሌላውን አልፎ በመጀመሪያ የሚያየው ደረጃውን ነው። ሒሳቡን ከ50 ወደ 72 ያሻሻለ፣ ነገር ግን ሰባተኛ የወጣ ልጅ ብስክሌቱን ያጣል። በዓመቱ ውስጥ የሠራው ሥራ በአንድ ቁጥር ተመዝኖ ቀለለ ማለት ነው።

ልማዱ ከክፋት የመጣ አይደለም። ወላጅ ልጁ እንዲበረታ ይፈልጋል፤ ኑሮው በከበደበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ያለ ምክንያት ገንዘብ ማውጣት ይጨንቀዋል። ነገር ግን ስጦታው እንደ ደመወዝ ሲቆረጥ ልጁ የሚማረው አንድ ነገር አለ፦ ትምህርት በራሱ የሚፈለግ ነገር እንዳልሆነና ሰው የሚማረው ሲከፈለው ብቻ እንደሆነ።

ይህ የግምት ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ያደረጉት ሙከራ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን «ከሣላችሁ ባለ ሪባን የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተብሎ ተነገረው። ሁለተኛው ቡድን ምንም ሳይነገረው ከሣለ በኋላ ያንኑ ሽልማት በድንገት አገኘ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሞቹ በክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ልጆቹ እንዳሻቸው እንዲጫወቱ ሲተዉ፣ ሽልማት አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

የዚህ ሙከራ ትልቁ ቁም ነገር የመጨረሻው ነው። ሽልማቱ አንድ ዓይነት ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ውሉ ነው። እነዚያ ሕፃናት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ስለነበሩ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ አይሠራም የሚል ይኖር ይሆናል። ኤድዋርድ ዴሲ፣ ሪቻርድ ኬስትነርና ሪቻርድ ራያን እ.ኤ.አ. በ1999 በዚሁ ጉዳይ ላይ የተደረጉ 128 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ግን አስቀድሞ ቃል የተገባ ቁሳዊ ሽልማት የውስጥ ፍላጎትን እንደሚያዳክም፣ ጉዳቱም ከኮሌጅ ተማሪዎች ይልቅ በልጆች ላይ እንደሚበረታ አግኝተዋል።

ስለዚህ ብስክሌቱ ይገዛ። ለእንቁጣጣሽ ይገዛ፣ ለልደት ይገዛ፣ ወይም በአንድ ቅዳሜ ያለ ምንም ሰበብ ይገዛ። ሰባተኛ ለወጣውም ይገዛ።

ምን ይገዛ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ቁልፉ ሲነካ የሚዘፍን፣ የሚያበራ፣ ራሱን በራሱ የሚነዳ የባትሪ መጫወቻ በመርካቶ ሞልቷል። መጫወቻው ይጫወታል፣ ልጁ ቆሞ ያያል። ባትሪው ሲደክም ነገሩ ያበቃል፤ በሳምንቱ አልጋ ሥር ይገኛል። ለተማሪ ልጅ የሚመረጠው ልጁ ራሱ እጁን ካላስገባበት ምንም የማይሠራ፣ ቢቻል ደግሞ ሌላ ሰው አጠገቡ የሚያስቀምጥ ዕቃ ነው።

በዚህ መለኪያ ገበጣን የሚቀድም ጥቂት ነው። ቸርችል ጎዳና ባሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ከእንጨት የተጠረበ ገበጣ ይገኛል፤ የሚያሳዝነው በአብዛኛው ለቱሪስት ተብሎ የሚደረደር መሆኑ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ በሰፊው እንደጻፉት ገበጣ ባለ ሁለት ረድፍም ባለ ሦስት ረድፍም አለው፤ ሕጉም ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሮቹን አፍሶ በሚቀጥሉት ላይ አንድ አንድ እያለ ይዘራል። የአንደኛ ክፍል ልጅ በጣቱ እየነካ ይቆጥራል። ጥቂት ወራት የተጫወተ ልጅ ግን ጠጠሩን ሳያነሳ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ በዓይኑ ያውቃል፤ የተቃራኒውን ጠጠር ለመብላት ከየትኛው ጉድጓድ መነሳት እንዳለበት ወደኋላ እየቆጠረ ያሰላል። ይህ መደመርና መቀነስ ነው፤ ማቀድም ነው። ተሸንፎ እንደገና መደርደርን ደግሞ የትኛውም የሒሳብ ደብተር አያስተምረውም። አያት ሕጉን የሚያውቁ ከሆነ ልጁ አስተማሪ ቤቱ ውስጥ አለው። እንጨቱ ከተወደደም መሬት ላይ አሥራ ሁለት ጉድጓድ መቆፈር ወይም የእንቁላል ካርቶን መቁረጥ ይቻላል፤ ልጆች የኖሩት እንደዚያ እየተጫወቱ ነው።

በረድፍ ላይ እየቆጠሩ መሄድ ለሒሳብ የሚጠቅም ስለመሆኑ ማስረጃም አለ። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ሕፃናትን ከ1 እስከ 10 በተርታ የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ቁጥሩን እየጠሩ እንዲጫወቱ አደረጉ። ጊዜው በሁለት ሳምንት ውስጥ ለአራት ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ልጆቹ የቁጥሮችን ትልቅነትና ትንሽነት በማነጻጸር ተሻሻሉ፤ ለውጡም ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ አብሯቸው ነበር። ያንኑ ጨዋታ በቁጥር ፈንታ በቀለም በተሞላ ሰሌዳ የተጫወቱት እንዲህ ያለ ለውጥ አላሳዩም። ሰሌዳውን ማንም ወላጅ በካርቶንና በማርከር ማታውኑ ሊሠራው ይችላል።

ከፍ ላለ ክፍል ተማሪ ሰንጠረዥ አለ። ዛሬ በገበያ የሚገኘው በዓለም አቀፍ ሕግ የሚጫወቱት ቼዝ ነው፤ እሱም መልካም ነው። ልጁ ሕጉን ከለመደ በኋላ ግን የኢትዮጵያን አጨዋወት ይሞክር፦ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በወረራ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

የሥዕል ቀለም ደግሞ በነሐሴ ይገዛ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሴቶቹ ልጆች አበባዬ ሆሽ እያሉ ሲዞሩ ወንዶቹ የሣሉትን ሥዕል በየቤቱ ያድላሉ፤ ሳንቲምም ይቀበላሉ። በዚህ ልማድ ልጅ ሥራውን ለሰው አቅርቦ ዋጋውን ያያል። አሁን አሁን በሕትመት የተባዛ ሥዕል ገዝቶ የሚዞር ልጅ እየተለመደ መምጣቱ ያስቆጫል፤ የውሃ ቀለም፣ ሁለት ብሩሽና ወፍራም ወረቀት ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሰጠው ራሱ ለመሣል ጊዜም አቅምም ያገኛል። እህቱም ትሣል፤ ቀለም የወንድ ልጅ ነው ያለ ሰው የለም።

መገጣጠሚያ ጡቦችም በዚሁ ወገን ናቸው። የዴንማርኩ ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1958 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ጡብ ዛሬም ቅርጹን አልለወጠም፤ ባለ ስምንት ጉብታ የሆኑ ስድስት ጡቦች ብቻ ከ915 ሚሊዮን በላይ በሆነ መንገድ ይገጣጠማሉ። ዋናው ሌጎ ለአብዛኛው ቤተሰብ ውድ ነው። ነገር ግን በየሰፈሩ ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሲሠሩ የኖሩት በዚሁ መንፈስ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ፒንሳ፣ አንድ ጥቅል ለስላሳ ሽቦና የጥፍር ያህል አምፖል ከነባትሪ ድንጋዩ መስጠት የኤሌክትሪክ ትምህርቱን ከመጽሐፉ አውጥቶ እጁ ላይ ያደርግለታል። እዚህ ላይ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል፦ እንደ ቁልፍ ጠፍጣፋ የሆኑት ትንንሽ ባትሪዎች ሲዋጡ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ቤት ውስጥ ገና የሚድህ ታናሽ ካለ የባትሪው ክዳን በብሎን የማይታሰር መጫወቻ አይግባ።

ስለ ስልክና ታብሌት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አክብሮ ያመጣዋል፤ ሲመጣ የአንድ ልጅ ሳይሆን የቤቱ ይሁን፣ ማታም ሳሎን ይደር።

መጽሐፍ ሌላ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው አንገብግቧቸው፣ የቂሉ ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ቆይቶም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። ማሪያ ኤቫንስና ባልደረቦቿ በ27 አገሮች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ጥናት 500 ያህል መጻሕፍት ባሉበት ቤት ያደገ ልጅ መጽሐፍ ከሌለበት ቤት ካደገው በአማካይ 3 ዓመት ያህል የበለጠ ተምሮ ተገኝቷል፤ የወላጆቹ ትምህርትና ሥራ ከግምት ገብቶም እንኳ። መጽሐፉ ብቻውን ይህን አደረገ ማለት አይደለም፤ መጽሐፍ የሚሰበስብ ቤት የሚያወራውም የተለየ ነው። አምስት መቶ ለመድረስ ግን በአንድ መጀመር ግድ ነው፤ ለመግዛት አቅም ያነሰው ቤተሰብም ልጁን ቅዳሜ ይዞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቢሄድ ጉብኝቱ ራሱ ስጦታ ነው።

ሲገዛ ታዲያ ልጁን ይዞ መሄድና አንድ ገጽ ማስነበብ ይበጃል። የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው አንድ ጣት ይጠፍ፤ ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ከብዶታል። ብዙ ሰው የወንድሙን ልጅ ዕድሜ ሳይሆን የራሱን ምኞት እያሰበ ወፍራም መዝገበ ቃላት ይገዛል፤ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ የሚሸለመውም ይኸው ነው። ያ መዝገበ ቃላት ቁም ሣጥን አናት ላይ ያረጃል።

በውጭ አገር ላደጉት ልጆች ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ መጫወቻ አልጎደለበትም፤ የጎደለው በአማርኛ የሚያነብበት ምክንያት ነው። ወደዚያ የሚሄድ ዘመድ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር አንድ ቀጭን የተረት መጽሐፍ ቢይዝ ሻንጣው አይጠብበትም። የሚሻለው ግን ያንኑ መጽሐፍ ሁለት ቅጂ መግዛት ነው፤ አንዱ ለልጁ ይሄዳል፣ ሌላው አዲስ አበባ አያቱ ዘንድ ይቀራል፣ እሑድ እሑድ በስልክ አንድ ገጽ እሳቸው፣ አንድ ገጽ እሱ ያነባሉ።