የመቆጣጠሪያ ዋስትና ከሙከራ ብዛት አይመጣም

አውሮፕላንን የሚያረጋጋ ወይም የኃይል ማመንጫን ፍጥነት የሚጠብቅ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ሥራ ላይ ሲውል «ብዙ ጊዜ ተሞክሯል» መባሉ ብቻ ሊበቃን አይገባም። ንድፉ የሚሠራው በሒሳብ ሞዴል ላይ ነው፤ እውነተኛው ማሽን ግን ጭነቱ ይለዋወጣል፣ ዕቃው ያረጃል፣ ምልክቱ ይዘገያል። በ1960 እ.ኤ.አ. ሩዶልፍ ካልማን ሥርዓትን መቆጣጠርና ውስጣዊ ሁኔታውን ከመለኪያ መገመት የአንድ ሒሳብ ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን አሳየ፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላውም ያገለግላል፤ ይህም ጥንድነት ይባላል። ሁለቱን ያጣመረው ንድፍ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ። በ1978 ግን ጆን ዶይል፣ ሁለት ምርጥ ክፍሎች ሲጣመሩ ዋስትና ያለው የመረጋጋት ኅዳግ እንደማይኖር በምሳሌ አረጋገጠ፤ ጥቂት የማጉያ ለውጥ ሥርዓቱን ሊያናጋው ይችላል።

መፍትሔው ጥንድነትን መተው ሳይሆን ሊደርስ ወደሚችለው እጅግ ክፉ ሁኔታ ማዞር ነው። «መቆጣጠሪያው ምን ያህል የሞዴል ስህተት ይችላል?» የሚለው ጥያቄ «የትኛውም መቆጣጠሪያ የማይችለው ስህተት የቱ ነው?» የሚል ጥንድ አለው። ሁለቱ መልሶች ሲገጥሙ የተሻለ ንድፍ ፍለጋው በማስረጃ ይዘጋል፤ ባይገጥሙም ልዩነታቸው የቀረውን ዕድል ይለካል። ለክፉው ቀን መንደፍ ቅልጥፍናን ይቀንሳል የሚሉ መሐንዲሶች እውነት አላቸው። ሆኖም ጥንዱ ስሌት የጥንቃቄውን ዋጋ በቁጥር ስለሚያሳይ በግምት ከመከራከር ያድናል። የኮምፒውተር ሙከራም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የተመረጡ ሁኔታዎችን እንጂ ሁሉንም አያዳርስም። የሰው ሕይወት ያረፈበትን መቆጣጠሪያ የሚፈቅድ አካል ከሙከራው ውጤት ጋር የክፉውን ሁኔታ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይገባል።