የልብ ሕመም፣ የሐኪሞች ጥበብና የእኛ የተማሪዎች ድርሻ

አርሲ የሯጮች አገር መሆኗን የማያውቅ የለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው፤ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለም ከበቆጂ የወጡ ናቸው። በእኛም በኢተያ ልጅ ሁሉ እየሮጠ ያድጋል። የማይደክም ልብ እንደ ስንዴያችንና እንደ ገብሳችን ሁሉ የአገራችን በረከት ሆኖ ይቆጠራል። በሩጫ መካከል ቆሞ የሚያለከልክ ልጅ ሲገኝ ግን «ሰነፍ» የሚል ስም ወዲያው ይወጣለታል። እኔም ስም ከሚያወጡት አንዱ ነበርሁ።

9ኛ ክፍል ሳለን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳውን አንድ ዙር ሳትጨርስ ቁጭ የምትል የክፍል ባልደረባ ነበረችን። እኛ እንስቅ ነበር፤ እርስዋም መልስ አትሰጥም ነበር። በሚከተለው ዓመት በየወሩ አንድ ቀን ከትምህርት ትቀር ጀመር፤ ስለዚህም ሌላ ሐሜት ተጨመረባት። በኋላ እውነቱን ሰማን። የልብዋ በር ተበላሽቶ ኖሮ በየወሩ የምትቀረው መርፌ ለመወጋት ነበር፤ አሁንም በአዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ተራ ትጠብቃለች። ይቅርታ ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ በልጅነትዋ የደረሰባትን ነገረችኝ። በ11 ዓመትዋ ጉሮሮዋን ታምማ እንጥልዋን አስቆረጡአት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉልበትዋ አብጦ መራመድ ሲያቅታት ቁርጥማት ነው ብለው በቅቤ አሹአት፤ እብጠቱም ተዋት። ሁሉም ዳነች አሉ። «ስሜን አትጻፍ፤ ነገሩን ግን ጻፍ» አለችኝ። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ቃልዋ ነው።

እኔ ለማስረዳት የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። የልብ ሐኪሞች ጥበብ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ለእኛ ለኢተያ ልጆች ከሁሉ የሚበልጠው የልብ ሕክምና በጉሮሮ ላይ የሚጀመረው ነው። ይህም ሕክምና በአዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በጤና ጣቢያችን፣ በቤታችንና በትምህርት ቤታችን ሊፈጸም ይችላል።

በመጀመሪያ የሕመሙን አካሄድ እንመልከት። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ተሕዋሲ በጉሮሮ ውስጥ ሲራባ ልጁን ያተኩሰዋል፤ መዋጥ ያስቸግረዋል፤ በአንገቱም ላይ ንፍፊት ያወጣበታል። ሕመሙ ባይታከም እንኳ በጥቂት ቀን ውስጥ ይተወዋል፤ ተንኰሉም ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ ልጆች ዘንድ ሰውነት ተሕዋሲውን ለመዋጋት ያሰናዳው ኀይል ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሳስቶ በገዛ አካሉ ላይ ይነሣል። ያን ጊዜ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል። የጉልበቱ እብጠት ምልክት ሳይተው ያልፋል፤ በልብ ላይ የደረሰው ቁስል ግን ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

ልባችን ቫልቭ የሚባሉ አራት በሮች አሉት። ደም ወደ ፊት ሲያልፍ ይከፈታሉ፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ጠባሳ ያገኘው በር ወይ በሚገባ አይከፈትም ወይ ገጥሞ አይዘጋም። ስለዚህ ትንፋሽ ያጥራል፤ ልብ ያለ ልክ ይመታል፤ እግር ያብጣል። ለነፍሰ ጡር እናት አደጋው የበረታ ነው። ሐኪሞች ይህን ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። መነሻው የሆነው ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው፤ ይኸውም በትምህርት ቤት ዕድሜ ያሉትን ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ባወጡት ጥናት ከ3,000 የሚበልጡ የአገራችን ተማሪዎች ልብ በአልትራሳውንድ ተመርምሮ ከ1,000 ተማሪ በ19 ያህሉ ላይ ይህ ሕመም ወይም ምልክቱ ተገኝቷል። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ደግሞ የጥበቡን ታሪክ እንይ። ልብ በሐኪም ቢላዋ የማይነካ አካል ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር። በ1925 ሄንሪ ሱታር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደን የአንዲት ወጣት ልብ ውስጥ ጣቱን አግብቶ የጠበበውን በር ከፈተ። ልጅቱ ዳነች፤ ነገር ግን ሌሎች ሐኪሞች ሥራውን እንደ ድፍረት ስለ ቆጠሩት ሁለተኛ ሕመምተኛ የላከለት አልተገኘም። ይኸው ሥራ እንደ ገና ተነሥቶ የተስፋፋው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1948 አሜሪካውያኑ ቻርልስ ቤይሊና ድዋይት ሃርከን በፈጸሙት ጊዜ ነው። በ1953 ጆን ጊበን በፊላዴልፊያ የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው ተክቶ በሚሠራ መኪና ተረድቶ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብ ከፍቶ ጠገነ። ይህን መኪና ለመሥራት 20 ዓመት ያህል ደክሟል፤ ባለቤቱም በሥራው ረዳቱ ነበረች። በ1960 አልበርት ስታር የሚባለው ሐኪም ሎዌል ኤድዋርድስ ከሚባል መሐንዲስ ጋር ሆኖ ሰው ሠራሽ የልብ በር በሰው ልብ ውስጥ ተከለ። በ1967 ክርስቲያን ባርናርድ በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ከሰው ወደ ሰው ልብ አዛወረ። በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦና በትንሽ ፊኛ የጠበበውን በር መክፈት እንደሚቻል አሳየ።

ይህ ጥበብ ወደ አገራችን የደረሰው በቀላሉ አይደለም። የሕፃናት የልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ። በዚያን ጊዜ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ውጭ አገር መላክ ነበረበት፤ ድርጅቱም ብዙ ሕፃናትን ወደ ልዩ ልዩ አገሮች እየላከ አሳከመ። ነገር ግን አንድ ልጅ ሲላክ የሚቀሩት ብዙዎች ነበሩ። በ2009 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። በመጀመሪያ ቀዶ ሕክምናውን ያካሂዱ የነበሩት በየጊዜው ከውጭ የሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች ነበሩ፤ ኋላ ግን ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከእነርሱ ተምረው ራሳቸው የሰውን ልብ ከፍተው ይጠግኑ ጀመር። የድሀ ልጅ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ቋንቋው እየተጽናና ልቡ ሲጠገን ማየት ኩራት የማይሰጠው ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ቤቱ እየፈሰሰ ውሃውን በጣሳ ከመቅዳት በፊት ጣራውን መድፈን ይገባል። ጣራውን የሚደፍነው መድኃኒት ደግሞ ከታወቀ ቆይቷል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በ1928 ነው፤ ፍሎሪና ቼይን ለሕሙማን የሚሆን መድኃኒት አደረጉት፤ ሦስቱም በ1945 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከዚሁ መድኃኒት አንድ ጊዜ ከተወጉት ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ የሚቆይ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል ዓይነት ወጣ። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን የጉሮሮውን ተሕዋሲ ገድሎ ልብን ያድናል። አንድ ጊዜ በትኩሳቱ የተያዘ ልጅም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቢወጋ ሕመሙ እንዳይመለስበት ይጠበቃል።

ይህ ባዶ ተስፋ እንዳይመስል ምስክር ልጥቀስ። በኩባ ፒናር ዴል ሪዮ በሚባለው አውራጃ ከ1986 እስከ 1996 ሕዝቡን በማስተማርና ሕሙማኑን እየተከታተሉ በመውጋት ሕመሙን እጅግ አሳንሰውታል። ጎረቤታችን ልትባል በምትችለው በኡጋንዳ ደግሞ ሕመሙ ገና ስውር የሆነባቸው 818 ልጆች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በየወሩ ፔኒሲሊን ተወጉ። ውጤቱ በ2021 ሲገለጽ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተወጉት መካከል ሕመሙ የባሰባቸው 3 ብቻ ሲሆኑ ካልተወጉት ግን 33 ነበሩ። በ2015 የአፍሪካ የልብ ሊቃውንት በመዲናችን በአዲስ አበባ ተሰብስበው ይህን ሕመም ከአህጉራችን ለማጥፋት የሚያስፈልገውን ዘርዝረዋል፤ በ2018ም የዓለም የጤና ጉባኤ በዚሁ ሕመም ላይ ውሳኔ አሳልፏል። እንግዲህ የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ የጎደለው ዕውቀቱን ወደ እያንዳንዱ ቤት ማድረስ ነው።

አንዳንዶች «ይህ የመንግሥትና የሐኪም ሥራ ነው፤ ተማሪ ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። የመድኃኒቱ መገኘትና የነርሶች መሠልጠን በእርግጥ የመንግሥት ሥራ ነው። ነገር ግን የልጁን ትኩሳት በመጀመሪያ የሚያየው ሚኒስትር አይደለም፤ አጠገቡ የሚተኛው ነው። ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው በከተማችን ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ባልንጀሮቻችንን እናስብ። በአንዲት ጠባብ ክፍል አራት ሆነው ያድራሉ፤ ስንቃቸውን ከቤተ ሰባቸው ያመጣሉ፤ ሲታመሙም ግንባራቸውን ዳስሳ «ልጄ ተኩሰሃል» የምትል እናት አጠገባቸው የለችም። ተሕዋሲው ደግሞ የሚወደው እንዲህ ያለውን የተጨናነቀ ማደሪያ ነው። ታዲያ ለእነዚህ ልጆች ከእኛ በቀር ማን አላቸው?

ሌሎች ደግሞ መርፌውን ይፈሩታል። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ መድኃኒቱ የማይስማማቸው ጥቂት ሰዎች ስላሉ መርፌው በሠለጠነ እጅ፣ የአደጋ መከላከያ መድኃኒት ባለበት ቦታ መሰጠት አለበት። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2022 ሕመሙ እጅግ ለጠናባቸው ሰዎች ከመርፌ ይልቅ የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ መክሯል። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው እንጂ የጎረቤት ወሬ አይደለም። እንዲሁም ጉሮሮ ሁሉ በፔኒሲሊን አይድንም፤ ሳልና ንፍጥ ያለበት ሕመም ብዙውን ጊዜ ተራ ጉንፋን ነው። ስለዚህ ከሱቅ የተረፈ ኪኒን ገዝቶ መዋጥም፣ እንጥል ማስቆረጥም ስሕተት ነው። ዝንጅብሉና አጥሚቱ ጉሮሮ ቢያለሰልሱ ምንም ክፋት የለባቸውም፤ ተሕዋሲውን ግን አይገድሉም።

ከዚህ በመነሣት ለትምህርት ቤታችን ሦስት ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየወሩ መርፌ ለመወጋት የሚሄድ ተማሪ የሐኪም ካርዱን እስካሳየ ድረስ ቀሪ ተብሎ አይመዝገብ፤ ያለፈውንም ትምህርት ጓደኞቹ ያስጠኑት። ሁለተኛ፣ የጤና ክበባችን በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ጊዜ ስለ ጉሮሮ ሕመምና ስለ ጉልበት እብጠት ለተማሪው ሁሉ በየጊዜው ይንገር፤ ለወላጆችም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ በሩጫ የሚያለከልክ ልጅ ሲታይ የስፖርት መምህሮቻችን ከመገሠጻቸው በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት። እነዚህ ሦስቱ ከትምህርት ቤቱ ገንዘብ የሚጠይቁት እጅግ ጥቂት ነው።

ለወላጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያላችሁን እናንተ ናችሁ። ልጃችሁ በተለይም ሴት ልጃችሁ የልብ ሕመም አለባት መባሉ ነውር ሆኖ ትዳርዋን ያበላሻል በማለት አትደብቁባት። የሚያሳፍረው ሕመሙ ሳይሆን ማሳከም እየተቻለ ዝም ማለት ነው።

ከእኛ መካከል ነገ ሐኪም የሚሆኑ ይኖራሉ። በአሰላ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ስፍራ ተምረው እንደ ዶክተር በላይ አበጋዝ የሕፃናትን ልብ የሚያክሙ እንዲወጡ ምኞቴ ነው። ነገር ግን ሐኪም እስክንሆን ድረስ ከ10 ዓመት የማያንስ ጊዜ ይፈጃል፤ ባልንጀራችንን ጉሮሮ አሞት ስናይ «ተነሥ፣ ጤና ጣቢያ ላድርስህ» ለማለት ግን ዛሬውኑ እንችላለን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። ለዚያች ለክፍል ባልደረባችን ቅጠሉ ዘግይቶባታል፤ ተራዋ ደርሶ በጤና እንድትመለስልን እየተመኘሁ፣ ከእርስዋ በኋላ በሚመጡት ታናናሾቻችን ላይ ይህ እንዳይደገም አደራ እላለሁ።