ባለቤቱ ልጅ የሆነበት ድንኳን

ዳባት ላይ ለሚያድግ ልጅ ድንኳን ብርቅ አይደለም። ሰርግ ሲኖር ይተከላል፤ ለቅሶ ሲሆን የእድሩ ይወጣል። በጥምቀት ታቦቱ የሚያርፍበትን ያያል። በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያልፉት ቱሪስቶችም ሳንቃበርና ጨነቅ ላይ በድንኳን እንደሚያድሩ ይሰማል። በእነዚህ ሁሉ ልጅ እንግዳ ነው። «አትሩጥ፣ ገመዱን አትንካ፣ ውጣ» ይባላል።

በእጅ የተሰፋች ትንሽ የመጫወቻ ድንኳን ከውድ አሻንጉሊት የምትበልጠው ለዚህ ነው። እዚያ ውስጥ ልጁ ጋባዥ ነው፤ ማን እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ደንበኛውን ጠይቁ እላለሁ። ደንበኛው ልጁ ነው። በዚህ አካባቢ ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ ወደ ዳባትና ደባርቅ መጥቷል። የኤርትራ ስደተኞች የሚኖሩበት ዓለም ዋጭም በዳባት ወረዳ ነው። ድንኳን ሲባል ሽሽት ወይም ለቅሶ ትዝ የሚለው ልጅ ይኖራል። ፊቱን ካጨፈገገ አትግፉት፤ በዚያው ጨርቅ ትራስ ስፉለት። ደስ ካለው ቀለሙንና በሩ የሚዞርበትን አቅጣጫ እሱ ይምረጥ።

ለመሥራት ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ 4 ሜትር የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ከታች 100፣ ከላይ 10፣ ቁመታቸው 140 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ክፋዮች ቁረጡ። በየጎኑ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይና ከታች ደግሞ ለቅምቅማት ትንሽ ጨምሩ። አንዱን ክፋይ መሐሉ ላይ ሰንጥቁት፤ በሩ እሱ ነው። ክፋዮቹን ስታጋጥሙ በ6 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሁለት ጊዜ ስፉ፤ በሁለቱ ስፌቶች መካከል አጣናው ያልፋል። የልብስ ስፌት መኪና ከሌላችሁ ቆርጣችሁ ለሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ስጡ።

ለምሰሶ ቁመታቸው 185 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ አጣናዎች በቂ ናቸው። ልጣጫቸው ይነሳ፤ ስንጥር እንዳይኖራቸው በደንብ ይፈግፈጉ። ከጫፋቸው 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ። የዳባት ብርድ የታወቀ ነውና ቤት ውስጥ ትከሉት፤ ከሥሩ ደበሎ ወይም ባና አንጥፉ። ከምድጃና ከከሰል ይራቅ፤ ሻማ ወደ ውስጥ አይግባ። ረጅም ገመድ አታንጠልጥሉ፤ በሩም ቁልፍ ወይም ዚፕ አይኑረው።

ከተሰፋ በኋላ የሚቀረው የእናንተ ሥነ ሥርዓት ነው። ስትገቡ አስፈቅዱ። እንግዳ መጣ ብላችሁ አታፍርሱት። ለቅጣት «ግባና ተቀመጥ» አትበሉት። ልጁ ከውስጥ ሆኖ «ግቡ» ሲላችሁ ጎንበስ ብላችሁ ግቡ፤ ባዶ ሲኒ ቢያቀብላችሁም ቡናውን አመስግናችሁ ጠጡ።