የዕዳ ፍርድና የገበሬው በሬ

መቐለ፦ በእንደርታ ወይም በሕንጣሎ ገጠር የሚኖር አርሶ አደር በዕዳ ምክንያት ተከሶ ሲፈረድበት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው የእርሻ በሬው ነው። በሬው ከተወሰደ ማሳው ጦሙን ያድራል፤ ማሳው ጦሙን ካደረ ደግሞ ዕዳው የሚከፈልበት እህል ከየትም አይገኝም። ስለሆነም የዕዳ ፍርድ የአበዳሪና የተበዳሪ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ምርት ጉዳይ ጭምር መሆኑን ለመረዳት አያዳግትም። የገበሬ ማኅበራት መሪዎችም ሕጉን ጠንቅቀው ሊያውቁ የሚገባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በቀድሞው ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በቁራኛ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ እንደነበር የታወቀ ነው። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ከነበረበት ዕዳ ነፃ አውጥቶታል። ይሁን እንጂ ገበሬው ከነጋዴ፣ ከጎረቤት ወይም ከአበዳሪ ድርጅት የሚወስደው ብድር ዛሬም አለ። በትግራይ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ ብዙ ቤተሰብ በሬውንና ዘሩን አጥቷል፤ የባንክ አገልግሎትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በፊት የተወሰደ ብድር ግን በሬው ስለሞተ ብቻ አልተሰረዘም። የዛሬው ችግር ክብደትም ከዚህ ላይ ነው።

ብዙው ጉዳት የሚመጣው ከዕዳው መጠን ይልቅ ከዝምታ ነው። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መጥሪያው በደንብ ላልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት ላልቀረበ ተከሳሽ ፍርዱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ1 ወር ውስጥ ፍርዱ እንዲነሣለት የማመልከት መብት ይሰጠዋል። ተከራክሮ የተረታ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ነገር ግን ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆምም፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ መስጠት አለበት። ጊዜው ይለፍ ብሎ መደበቅም አያዋጣም፤ ባለገንዘቡ ፍርዱን ለማስፈጸም 10 ዓመት ጊዜ አለው።

ሁለተኛው ነጥብ ክርክርን በጊዜው ማቅረብ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ነው። በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድም በዓመት ከመቶ 12 መብለጥ የለበትም። አራጣ ማበደር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ነው። ዋስም ቢሆን ግዴታው የሚጸናበት በጽሑፍ ሲሆንና የገንዘቡ ጣሪያ ሲጠቀስ ነው። መቐለን ማዕከል አድርጎ የሚሠራው ደደቢት ብድርና ቁጠባ ተቋም የተስፋፋው በቡድን ዋስትና ስለነበረ፣ አንዱ ሲጎድል ሌላው ምን ያህል እንደሚጠየቅ ማወቅ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል ይጠቅማል። እነዚህ ክርክሮች መቅረብ ያለባቸው ከፍርድ በፊት ነው። የአፈጻጸም ችሎት የተፈረደውን ያስፈጽማል እንጂ ነገሩን እንደገና አይመረምርም።

ፍርዱ ከጸና በኋላስ ገበሬው ባዶ እጁን ይቀራል ወይ? አይቀርም። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በቁጥር 404 የማይያዙ ንብረቶችን ዘርዝሯል። አስፈላጊ ልብስ፣ መኝታና የማብሰያ ዕቃ፣ የሥራ መሣሪያ፣ በእርሻ ለሚተዳደር ሰው ኑሮውን እንዲገፋ የሚያስፈልጉት ከብቶችና ዘር፣ እንዲሁም ቤተሰቡ ለ3 ወር የሚመገበው ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። መሬትም በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የማይሸጥ የማይለወጥ በመሆኑ በሐራጅ አይሸጥም። ነገር ግን ችሎቱ ስንት በሬና ስንት ቁና ዘር ለቤተሰቡ እንደሚያስፈልግ ሊረዳ የሚችለው አስረጂ ሲቀርብለት ነው። የማኅበሩ መሪ የቤተሰቡን ብዛት፣ የማሳውን ስፋትና የከብቱን ቁጥር ሳይጨምርና ሳይቀንስ በጽሑፍ ቢያረጋግጥ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። የተያዘው በሬ የጎረቤት ወይም ለርቢ የተሰጠ ከሆነም እውነተኛው ባለቤት ሳይዘገይ ለችሎቱ ማመልከት አለበት።

በመያዣ የተሰጠ ንብረት ግን ሌላ ሥርዓት አለው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ክስ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅም በመሬት የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ እንዲቻል አድርጓል። ስለዚህ ገበሬው ከመፈረሙ በፊት ምን እንደሚያስይዝና ለስንት ዓመት እንደሆነ ተነቦለት ሊረዳ ይገባል።

እስራትን በተመለከተ የሚነገረው ፍርሃት ከሕጉ ይሰፋል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ማንም ሰው የውል ግዴታውን ለመፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። በእኛም ሕግ እስከ 6 ወር ሊታሰር የሚችለው መክፈል እየቻለ እምቢ ያለ ወይም ንብረቱን ያሸሸ ነው። ከብትን ሌሊት ወደ ዘመድ ቤት መንዳት ወይም ለይስሙላ ሽያጭ መፈራረም ድኻውን ባለዕዳ ወደ አጭበርባሪነት ይለውጠዋል። ይህን የሚመክር መሪ ካለ ገበሬውን ጎዳው እንጂ አልረዳውም።

በሌላ በኩል አበዳሪውም መብት ያለው ሰው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ገንዘቧን ለጎረቤት ያበደረች ባልቴት እንደማንኛውም ሰው በጦርነቱ የተጎዳች ልትሆን ትችላለች። ፍርድ የማይፈጸም ከሆነ በሚቀጥለው ክረምት ለዘርና ለማዳበሪያ የሚያበድር አይገኝም፤ ችግረኛውም ተመልሶ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ በሽማግሌዎች አማካይነት የሚደረግ ስምምነት ነው። ክፍያው እህል ከሚጎድልበት ከክረምቱ ወራት ይልቅ አውድማው ከሚነሣበት ከታኅሣሥና ከጥር ጋር ቢገጥም ባለገንዘቡ ገንዘቡን ያገኛል፣ ባለዕዳውም በሬውን አያጣም። ሕጉም ዳኛው የባለዕዳውን ሁኔታ አይቶ ከ6 ወር ያልበለጠ የችሮታ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ሆኖ ለአፈጻጸም ችሎት መቅረብ አለበት። በእጅ የተከፈለ እያንዳንዱ ብርም ደረሰኝ ሊኖረው፣ ችሎቱም ሊያውቀው ይገባል። አለዚያ አንዱ ዕዳ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል።

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች ተግባር ግልጽ ነው። መጥሪያ በእጃቸው ሲደርስ ሳያሳድሩ ለባለጉዳዩ ማድረስ፣ ፊደል ላልቆጠረው ማንበብ፣ ቀጠሮውን ማስታወስ፣ ሐሰት ሳይጨምሩ መመስከርና ሁለቱን ወገኖች በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው። ዕዳ የሚከፈለው ከምርት ነው፤ ምርት የሚገኘውም በሬው ቀንበር ሥር ሲውል ነው።