ያልተመለሰ ጥያቄና የፈጣሪ ስም

ሳይንስ ገና ያላብራራው የተፈጥሮ ክስተት ሲያጋጥም «ይህስ የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ብሎ ምርመራውን መዝጋት የቆየ ልማድ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ አቋም ልማዱ ለሳይንስም ሆነ ለሃይማኖት አይበጅም የሚል ነው። ጽሑፉ የፈጣሪን መኖር አለመኖር አይመረምርም፤ የሚመረምረው የፈጣሪ ስም በማብራሪያ ቦታ ሲተካ የሚያስከትለውን ውጤት ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ሰነፍ አሳቢ ሳይሆን ታላቅ ተመራማሪ ነው። አይዛክ ኒውተን የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ በአንድ የስበት ሕግ አብራርቷል። ይሁን እንጂ ፕላኔቶች ወደ ፀሐይ ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ስለሚሳሳቡ በምሕዋራቸው ላይ ጥቃቅን መዛባቶች ይፈጠራሉ። ኒውተን መዛባቶቹ እየተጠራቀሙ ሄደው ሥርዓቱ አንድ ቀን የፈጣሪን እርማት እንደሚሻ ገመተ። ጎትፍሪድ ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1715 ይህን አሳብ ነቀፈ፤ ነቀፌታውም ከእምነት የመነጨ ነበር። የሠራውን ሰዓት በየጊዜው መጠገን ያለበት ባለሙያ ፍጹም ሊባል አይችልምና።

ከመዛባቶቹ ጎልቶ ይታይ የነበረው የጁፒተር መፍጠንና የሳተርን መዘግየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1785 ፒየር ሲሞን ላፕላስ ምክንያቱን አገኘ። ጁፒተር ፀሐይን 5 ጊዜ በሚዞርበት ዘመን ሳተርን 2 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ የሁለቱ መሳሳብ ለረጅም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይደራረባል፤ ከዚያም ይገለበጣል። ዑደቱ 900 ዓመት ገደማ ይፈጃል። መልሱ የተገኘው ከኒውተን ሕግ ውስጥ ነው፤ ጎድሎ የነበረው ስሌቱ እንጂ የመለኮት እጅ አልነበረም።

ነገሩ የአውሮፓ የሥነ ፈለክ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ማዘጋጀት ባላስፈለገ ነበር። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ገበሬዎችን እግር የሚያሳብጠው የዝሆኔ በሽታ፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ እንደ እርግማን ወይም እንደ እግዚአብሔር ቁጣ ሲቆጠር ኖሯል፤ ዛሬም እንዲህ የሚያምን አለ። ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ባካሄደው ምርምር በሽታውን ከእሳተ ገሞራ ከተገኘ ቀይ አፈር ጋር አያያዘው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ ተጋላጭነቱ በዘር የሚወረስ ድርሻ እንዳለው አመለከተ። ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ የትውልድ እርግማን ምልክት አይደለም። ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ በሽታውን ይከላከላል። «ቁጣ ነው» የሚለው መልስ ግን ወደ ጫማ አያደርስም፤ እንዲያውም በታማሚው ላይ ከሕመሙ ሌላ ኀፍረትን ጫነበት፤ ልጆቹንም ከጋብቻ አስገለለ። የአፈሩ ቅንጣቶች በሰውነት ውስጥ ጉዳቱን የሚያደርሱበት ዝርዝር ሂደት ገና በመጠናት ላይ ነው። ይህን የቀረውን ክፍተት ግን ዛሬ ማንም ተመራማሪ በቁጣ አይሞላውም።

«ሳይንስ ሁሉን አያብራራም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። «ሳይንስ አንድ ቀን ሁሉን ይፈታዋል» ማለትም ቢሆን ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የላፕላስ ስሌት የፕላኔቶችን ሥርዓት ጽናት ለዘለዓለም ያረጋገጠ መስሏቸው የነበሩ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ግን ዣክ ላስካር በውስጠኞቹ ፕላኔቶች ምሕዋር ላይ የሚኖር ኢምንት ልዩነት በጊዜ ብዛት እየሰፋ ሄዶ፣ ከአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ የሚሆነውን በትክክል መተንበይ እንደማይቻል አሳየ። ተዘግቷል የተባለው ጥያቄ ተመልሶ ተከፈተ። ስለሆነም ለማንኛውም መልስ አንድ መመዘኛ ማቅረብ ይገባል፦ ይህ መልስ ቀጥሎ ምን እንድንለካ፣ ምን እንድንፈትን ያመለክተናል? ምንም የማያመለክት ከሆነ፣ ቃሉ ሃይማኖታዊም ይሁን ሳይንሳዊ፣ ማብራሪያ አይደለም።

ለአማኙም የሚበጀው ይኸው ነው። የፈጣሪን ስፍራ በማናውቀው ነገር ላይ የመሠረተ ሰው ዕውቀት ባደገ ቁጥር ፈጣሪውን ወደ ጠባብ ጥግ ይገፋዋል፤ እያንዳንዱ ግኝትም ለእምነቱ ስጋት ይሆንበታል። በናዚዎች ታስሮ የነበረው ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪኽ ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1944 ከእስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ እግዚአብሔርን መፈለግ የሚገባን በምናውቀው እንጂ በማናውቀው ውስጥ አለመሆኑን አስገንዝቧል። የእኛም ቋንቋ ይህን የሚያስታውስ ምሳሌ አለው። የብርሃን ጨረር በዝናብ ጠብታ ውስጥ እንዴት እንደሚሰበርና ወደ ቀለማት እንደሚበተን የተማረ ሰው ሁሉ ቀስተ ደመናን ዛሬም «የማርያም መቀነት» ይለዋል። ዕውቀቱ ስሙን አልሻረም፤ ስሙም ዕውቀቱን አልከለከለም፤ ማብራሪያ ሆኖ አልቆመምና።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ክፍተቱን በቅዱስ ስም የሸፈነ ተመራማሪም እንዲሁ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ከመረጃው በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው «ምክንያቱ ገና አልታወቀም» ብሎ መጻፍ አይፈር። ይህች አጭር ዐረፍተ ነገር ለሚቀጥለው ተመራማሪ በሩን ክፍት ትተዋለች።