አረጋውያንን ማስቀመጥ አክብሮት አይደለም

ዲላ ውስጥ አንድ አባት ጡረታ በወጡ ማግስት ልጆቻቸው የሚሏቸው ይታወቃል፦ «አባባ፣ እስካሁን ለፍተዋል። ከእንግዲህ እኛ እንጦርዎታለን፤ አርፈው ይቀመጡ።» ከዚያ ዳቦውን ልጅ ይገዛል፣ ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ይኬዳል፣ የመጠጥ ውሃ እንኳ ከተቀመጡበት ይቀርብላቸዋል። ጎረቤትም «የተባረኩ ልጆች!» ብሎ ይመርቃል። ፍቅር መሆኑን አልክድም። ግን ወላጆቻችንን እየጎዳ ያለ ፍቅር ነውና ዝም ሊባል አይገባውም።

እኚያ አባት ከዱካ ሲነሱ ልብ ብላችሁ እዩ። መጀመሪያ ሰሞን ያለ ችግር ብድግ ይላሉ። እየቆየ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ይነሳሉ። ቀጥሎ ግድግዳ ይደገፋሉ፤ በመጨረሻ «እስቲ እጅህን ስጠኝ» ይላሉ። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን እርጅና ብቻውን አይደለም፤ የጭናቸው ጡንቻ ሥራ ፈትቶ ነው የሟሸሸው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ጤናማ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ስቡ ሳይቆጠር ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። የ10 ቀን መተኛት ይህን ካደረገ፣ ለዓመታት በረንዳ ላይ መዋል ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም።

ከከተማው ወጣ ብላችሁ ወደ ቡሌ ወይም ወደ ይርጋ ጨፌ ገጠር ዝለቁ። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ እንሰትና ቡና ከአገር በቀል ዛፎች ሥር አብረው የሚያድጉበት ተዳፋት ነው። በእግርና በእጅ የለማ መሬት ነው። እዚያ ሽማግሌ ማሳውን ለማየት አቀበት ይወጣል፣ ለሶንጎ ሸንጎም ተራምዶ ይሄዳል። ይህን ስል እንጨት የሚሸከሙ እናቶችን ድካም ስፖርት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሸክም ያጎብጣል። የምለው፣ እግር ያለ ሸክም በየቀኑ ሥራ ያግኝ ነው።

ስንት ይበቃል ለሚል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል፤ በአምስት ቀን ቢከፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ብዙዎችን ገና ሳይጀምሩ ተስፋ የሚያስቆርጠው «በቀን 10 ሺህ እርምጃ» የሐኪም ትእዛዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ የእርምጃ መቁጠሪያ ለመሸጥ ከወጣ ስም የመጣ ነው።

«ጉልበታቸውን ያማቸዋል» ይባላል። የጉልበት መገጣጠሚያ ላረጀበት ሰው በልክ መራመድ ሕመሙን ያቀልለታል እንጂ አያባብስበትም። ደረቱን የሚወጋው ወይም የሚያዞረው ግን መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

አንድ ስጋት ግን እውነት ነው፦ መንገዱ። ወደ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዲላን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከባድ መኪናው፣ ባጃጁና ሞተሩ ለአዛውንት እግር አይመለሱም። ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩ ጥላና ማረፊያ ወንበር ያለው የእግረኛ መንገድ ይሥራ። ያ እስኪሆን ግን መፍትሔው አረጋውያንን ቤት መዝጋት አይደለም፤ መኪና ሳይበዛ ማለዳ አብሮ መውጣት ነው።

ልጆች ሆይ፣ ነገ ባጃጅ ከመጥራታችሁ በፊት «አባባ፣ በእግር አብረን እንሂድ?» በሏቸው። እማማም ቡናውን ራሳቸው ተነሥተው ያቅርቡ፤ ከእጃቸው አትንጠቋቸው።